እባብ ሳላምድ የደረሰብኝ

ከፍጥረት ሁሉ እንደ እባብ ፈሪ የለም! አዎ፣ እባብ! ምን ያስቃችኋል? እናንተ እባብ አይታችሁ ስትሮጡ እሱ በየት በኩል እንደሮጠ ዞር ብላችሁ አይታችኋል? አላያችሁም። እየሮጣችሁ ነዋ! እኔ ግን አይቻለሁ። በደርግ ዘመን ልደታ ውስጥ፣ ከጌጃ ሰፈር ከፍ ብላ በነበረችው የቀበሌ ቤቴ፣ ሰው ባየ ቁጥር የሚንቀጠቀጥ እባብ አኑሬ ነበር። በፈቃዴ እንዳይመስላችሁ... በቀበሌ ውሳኔ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ ነበር፤ ዝናቡ ቀንም ሌሊትም አላባራ ብሏል። ቀበሌያችን ለቅዳሜ ጠዋት የቦይ ጠረጋ ዘመቻ ጠራን። ያን ጊዜ ዘመቻ ከተጠራ መቅረት የለም፤ ስም ይጠራል። እኔ አካፋ ከመያዝ ባልዲ መያዝ ይሻላል ብዬ ባልዲዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። (ስንፍናዬን ባለቤቴ አስካለ ትመስክር።) ጭቃው ሲዛቅ ሲዛቅ... አንድ ቡናማ፣ ክንድ ተኩል የሚሆን እባብ ዱብ!

"እባብ! እባብ!" አገር ተቀወጠ። አካፋው ሁሉ ወደ ላይ ተነሳ። እባቡ መግቢያ ሲያጣ ወዴት ቢመጣ ጥሩ ነው? ወደ እኔ! እኔም እንደ ሰው ዘልዬ መሸሽ ሲገባኝ በድንጋጤ ባልዲውን ለቀቅኩት። ባልዲው ተገልብጦ እባቡ ላይ ተደፋ። እኔ ደግሞ ጭቃው አንሸራተተኝና ባልዲው ላይ ቁጭ!

"ጓድ ተካ፣ ተነስ እንግደለው!"

"አልነሳም!" አልኩ። መነሳት አቅቶኝ ነው እንጂ ለእባቡ አዝኜ አልነበረም፤ ሰው ግን ያዘንኩ መሰለው። አካፋዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ይሄኔ መምህር ሲሳይ የሚባል ባዮሎጂ የሚያስተምር ጎረቤታችን መጣና እኔን ደግፎ አንስቶ ባልዲውን ቀና አድርጎ አየ። "ይሄ መርዝ የለውም፤ የሚበላውም አይጥ ነው" አለ።

አይጥ! የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጆሯቸው ቆመ። የኅብረት ሱቃችንን ጤፍ አይጥ ፈጅቶት ነበር፤ እሳቸውም አይጦቹን "የኢኮኖሚ አሻጥረኞች" ብለው በስብሰባ ካወገዟቸው ሰንብተዋል። አይጦቹ ግን ውግዘቱን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ስለዚህ ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና እዚያው ቦዩ ዳር ወሰኑ።

"እባቡ ለጊዜው አይገደልም። ያዳነው ጓድ ተካ ቤቱ ወስዶ ከሰው ጋር ያላምደው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በጠቅላላ ስብሰባ ሕዝብ ፊት ይቀርባል። ሰው ከለመደ ሱቃችን ውስጥ ይመደባል። ካልለመደ... በአካፋ!"

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ እኮ..."

"ተወስኗል!"

ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ ታዲያ?

የዱቄት ወተት ካርቶን ታቅፌ ስገባ አስካለ ወተት የመጣ መስሏት ፊቷ በራ። "ምንድን ነው?" አለች። "እንግዳ ነው" አልኳት። ከፈተችው። ከዚያ በኋላ ያለችኝን ጋዜጣ ላይ መጻፍ አይቻልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ እግሯን መሬት ሳታስነካ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ጠረጴዛ እየተሻገረች ነው ቤቱን ያስተዳደረችው።

ግን በከንቱ ነው የፈራችው። እባቡን ብታዩት አንጀታችሁን ይበላዋል። ጭምቱ አልነው። ክዳኑን ገለጥ ሳደርግ ሰውነቱን ይጠቀልልና ጭንቅላቱን መሃል ላይ ይቀብራል። ሳስል ይደነግጣል። አስካለ ድስት ስታስቀምጥ ይደነግጣል። በር ሲንኳኳማ መላ አካሉ ይንቀጠቀጣል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን በዚያ ዘመን በር ሲንኳኳ የማይንቀጠቀጥ ማን ነበር?

ከሁሉ የከፋው እህል አልቀምስ አለ። በወጥመድ የተያዘች አይጥ ብናቀርብለት ዞር ብሎም አላያት። ቀን ሄደ፣ ቀን መጣ፤ አይጥ ለወጥንለት፤ ወይ ፍንክች! የእንግዳውን አለመብላት የሰማ ጎረቤት መጠየቅ ጀመረ። መጀመሪያ የመጡት አጥር የምንጋራቸው እትዬ ብርቄ ናቸው። ካርቶኑን በሩቁ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ፍልሰታ እኮ ነው! ጾሞ ይሆናላ፣ ምስኪን!" አሉ።

"እትዬ ብርቄ፣ እባብ እኮ ነው።"

"ቢሆንስ? ደግሞ ብቻውን አስቀምጣችሁት ማን ይበላል? እንግዳ ብቻውን ይበላል እንዴ! አብራችሁት ቁረሱ እንጂ!"

እውነትም ነውር ሠርተናል አልን። በማግስቱ መሶባችንን ከካርቶኑ አጠገብ አደረግንና ሽሯችንን እየበላን ልመና ጀመርን። ሰፈርተኛውም ለመጠየቅ መጥቶ ከበበው። "ብላ እንጂ!" ይላል አንዱ። "በሞቴ!" ይላሉ እትዬ ብርቄ። "አፈር ስሆን! አንዴ ብቻ!" ትላለች አስካለ ከጠረጴዛው ላይ። ጭምቱ ከነጭራሹ ጭንቅላቱ የት እንዳለ ጠፋን።

"አጉርሰው!" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

ይሄ ምክር የማን እንደነበር ባውቅ ዛሬም አልለቀውም ነበር። እጄን ታጠብኩ። (አዎ፣ ታጠብኩ! ጉርሻ ነዋ!) አይጧን በጅራቷ አነሳሁና "በሞቴ" ብዬ ወደ አፉ አስጠጋሁ። እሱም ጉርሻውን ትቶ ጣቴን ጎረሰ!

"ሞትኩ! አስካለ፣ ሞትኩልሽ!" ብዬ ተዘረርኩ። ቤቱ በአንድ ጊዜ ባዶ ሆነ። መምህር ሲሳይ ተጠርቶ መጣና ጣቴን አገላብጦ አየ።

"መርዝ የለውም ብዬህ አልነበር?"

"ለእሱስ ነግረኸዋል?" አልኩት እያቃሰትኩ።

መምህሩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ተቆጣኝ። "በፍርሃት ነው የነከሰህ። ይሄ ሁሉ ሰው አፍ አፍህን እያየ 'ብላ፣ ብላ' ቢልህ ላንተስ ይወርድልሃል? ሰው ይራቅለት። አትዩት። የለበስከውን ልብስ አጠገቡ ጣልና ሽታህን ይልመድ" አለኝ።

ልብስ መጣሉ ቀላል ነው። ጎረቤት አትግባ ማለት ግን... እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! እትዬ ብርቄ በር ላይ ስመልሳቸው "በእንግዳ ላይ ቤት ዘግቶ መቀመጥ! ይሄ ከየት የመጣ ነው?" ብለው አምርረው ተቀየሙኝ። እኔና አስካለም አሮጌ ኮቴን ካርቶኑ ጎን ጥለን፣ ከራሳችን ቤት ወጥተን፣ ጃንጥላ ዘርግተን ግቢ ውስጥ ተቀመጥን። በቀዳዳ ላለማየት እንዴት እንደታገልኩ!

በሁለተኛው ቀን ስንገባ አይጧ የለችም። "በላ!" አልኩ። "በላልን!" አለች አስካለ፤ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜም እግሯ መሬት ነካ። በአጥር ሰምተው ኖሮ እትዬ ብርቄ ቂማቸውን ረስተው እልል አሉ። ጭምቱን ብንፈልግ ካርቶኑ ውስጥ የለም። ለካስ የኮቴ ግራ እጅጌ ውስጥ ገብቶ ተኝቷል። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከሥራ ስገባ እጄን ቀስ አድርጌ ወደ እጅጌው አስገባና ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ሸሸኝ። ቆይቶ ጣቴን በምላሱ ነካ ነካ አደረገ። አንድ ቀን ራሱ መጥቶ ክንዴ ላይ ተጠመጠመ። ስብሰባው ሊደርስ ሁለት ቀን ነው የቀረው። ደስ አለኝ፤ አላፍርበትም፣ በጣም ደስ አለኝ! ያን አካፋ ግን አልረሳሁትም።

የስብሰባው እሁድ ደረሰ። ኮቴን ለብሼ፣ ካርቶኔን ታቅፌ አዳራሽ ገባሁ። ሰው ግጥም ብሏል። በሩ ላይ ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ ቆሟል፤ ሳያልቅ የሚወጣ የለም። ጭምቱ ጫጫታውን ሲሰማ ብርክ ያዘው። ክዳኑን ከፈት አድርጌ ላባብለው ስል ሽው ብሎ ግራ እጅጌዬ ውስጥ ገባ። ይሁን፣ ተራው ሲደርስ አወጣዋለሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

የረሳሁት ነገር ነበር። ስብሰባ የሚከፈተው በመፈክር ነው። መፈክር ደግሞ የሚባለው... ግራ እጅን ወደ ላይ አንስቶ!

"ተነሱ!" አሉ ሊቀመንበሩ። አዳራሹ በሙሉ ግራ እጁን ጨብጦ አነሳ። የኔ ግራ እጅ ብቻ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። እስቲ በእኔ ቦታ ሁኑ! ባነሳው ጭምቱ ደንግጦ ሰው ይነክስና አካፋው ይመጣል። ባላነሳው ለእኔ ራሱ የሚመጣውን አላውቀውም።

"ጓድ ተካ! ግራ እጅህ ምን ሆነ?"

"ጓድ ሊቀመንበር... ሰው አለበት" አልኩ ደንግጬ።

"ምን?"

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ላቤ ወረደ። ዓይኔን ጨፈንኩና እጄን ቀስ... ቀስ... አድርጌ አነሳሁ። ሊቀመንበሩም "ይውደም!" አሉ፤ ሕዝቡም "ይውደም!" ሲል ጭምቱ ከእጅጌዬ ጫፍ ላይ ብቅ ብሎ፣ ከተሰብሳቢው ሁሉ በላይ ሆኖ፣ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ቃኘ።

ያን ጊዜ የተፈጠረውን ግርግር ልነግራችሁ አልችልም። አግዳሚ ወንበሩ ተገለበጠ። አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን ትቶ ሮጠ። መርዝ የለውም ያለን መምህር ሲሳይ ከሁሉም ቀድሞ ነው ከበሩ የወጣው! ሊቀመንበሩ በበሩ መውጫ ቢያጡ በመስኮት ዘለሉ። ቤቱ ጭር ሲል እጄን እንደሰቀልኩ ብቻዬን ቆሜያለሁ። በሩ ክፍት ነው፣ መስኮቱም ክፍት ነው፤ ጭምቱ መሄድ ይችል ነበር። እሱ ግን ዞረና ተመልሶ እጅጌዬ ውስጥ ገባ፤ ክንዴንም ጥብቅ አድርጎ ያዘኝ። እንባዬ መጣ።

"አንተ ሰውዬ!" አለች አስካለ ከበሩ ላይ፤ "እጅህን አውርድ እንጂ፣ ስብሰባው ተበተነ!"

በማግስቱ ጠዋት ሊቀመንበሩ እያነከሱ ቤቴ መጡ። አካፋ አልያዙም።

"ጓድ ተካ፣ በመስኮት ስወጣ ማን አየኝ?"

"እኔና እሱ ብቻ።"

"ቃለ ጉባኤው ላይ ምንም አይጻፍም። እባቡም አንተው ጋ ይኑር። ሱቁን ለአይጦቹ ትተናል" አሉና ሄዱ።

ጭምቱ እንዲህ ተረፈ፣ ለዓመታትም ኖረ። እኔም ከሥራ ስገባ ክንዴ ላይ አድርጌ፣ ለአስካለ እንኳን የማልደፍረውን ሁሉ አወራው ጀመር። ስለ አለቃዬ፣ ስለ ስብሰባው፣ ስለ ሊቀመንበሩ፣ ከሊቀመንበሩ በላይ ስላሉትም ጭምር... ጉድ ነው የምናገረው! አንድ ቀን መምህር ሲሳይ ደረሰብኝና በሳቅ ፈረሰ።

"ምን ሆነሃል? እባብ እኮ ጆሮ የለውም!"

"ታዲያ በዚህ ሰፈር ከእሱ ሌላ ማንን ልመን?" አልኩት።