አጅሬ ሰው ገዛ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ የራሴ ዓሣ ገዛኝ።

ዓሣው ስሙ አጅሬ ነው። ሳሎኔ ውስጥ ባለው አኳሪየም የሚኖር፣ ሆዱ ነጠብጣብ፣ አፉ ከአገጩ ሥር የተገጠመ፣ ቀኑን ሙሉ መስታወት ላይ ተለጥፎ አረንጓዴውን አልጌ የሚልስ ዓሣ። በሕልሜ ግን ኮት ለብሶ ሱቅ ገባ። እኔ መደርደሪያ ላይ፣ መስታወት ሣጥን ውስጥ ከሌሎች ሰዎች ጋር ተቀምጬ ነበር። ከሣጥኑ ውጭ ያለው ዓለም በሙሉ ውሃ ነው። አየር ያለው እኛ ጋ ብቻ ነው።

"ይሄኛው ምን ይበላል?" አለ አጅሬ በክንፉ እየጠቆመኝ።

ባለሱቁ ጢማም አምባዛ ነበር። "ምንም! በምግብ አያስቸግርህም። መስታወቱን እየላሰ ይኖርልሃል፤ ሣጥኑም ይጸዳል፣ እሱም ይጠግባል" አለው።

እኔም አጅሬን ስገዛ የተባልኩት ቃል በቃል ይህንኑ ነበር። ያኔ እንዴት ደስ እንዳለኝ! አሁን ግን ደሜ ፈላ።

"አጅሬ! እኔ ነኝ እኮ! አሳዳሪህ!" ብዬ ጮህኩ።

"ይናገራል እንዴ?" አለ አጅሬ።

"ኧረ የለም፤ ዝም ብሎ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ልማዱ ነው።"

አጅሬ አልተከራከረም። አየር በተሞላ ፌስታል ውስጥ ከተተኝ፣ አፉን በላስቲክ ቋጠረና እያንጠለጠለ ይዞኝ ወጣ።

መንገድ ዳር አንዲት ዓሣ ብረት ድስት ጥዳ "ትኩስ ድመት! ጉላሽ አለ፣ ለብለብ አለ!" እያለች ትጣራለች። ውሃ ውስጥ ዘይት እንዴት እንደሚንጫጫ የሚጠይቅ አልነበረም። አጠገቧ ሁለት ሽማግሌ ዓሣዎች ድመት በጾም ይበላል አይበላም እየተባባሉ ሊደባደቡ ደርሰዋል።

"ድመት ሥጋ አይደለም!"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ድመት ነዋ!"

ቀጥሎ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ደረስን። ሰው ቤት ውስጥ ለማኖር ፈቃድ ያስፈልጋል። ሠራተኞቹ ማኅተማቸውን እንደያዙ ደጅ ተሰልፈዋል፤ ባለጉዳዮቹ ውስጥ ወንበር ስበው ሻይ ይጠጣሉ። ኃላፊው ራሱ ከሰልፉ መሀል አንገቱን አስግጎ አጅሬን ለመነው።

"ጌታዬ፣ እባክዎ ፈቃዱን ልስጥዎት። ከጠዋት ጀምሮ ነው የቆምኩት።"

"ነገ ተመለስ" አለው አጅሬ።

እውነቴን ነው፣ ፌስታል ውስጥ ሆኜም ኮራሁበት።

ቤቱ የእኔው ቤት ሆኖ ተገኘ። ሶፋው የእኔ፣ መጋረጃው የእኔ፣ እኔ ግን አኳሪየሙ ውስጥ ነኝ። መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ለብሷል።

"ማታ እንግዳ አለብኝ" አለ አጅሬ። "እስከዚያ መስታወቱ ካልጠራ ሽንት ቤት ነው የምደፋህ። በምትክህ ቀንድ አውጣ አመጣለሁ።"

መሞቱ አስፈራኝ፤ በቀንድ አውጣ መተካቱ ደግሞ አናደደኝ። ስለዚህ ላስኩ። የአልጌን ጣዕም የሚጠይቀኝ ካለ፣ ያደረ ጎመን ላይ ሳሙና ሲጨመርበት ማለት ነው። አንዱን ጥግ ጨርሼ ዞር ስል የጀመርኩት ጥግ እንደገና አረንጓዴ ሆኗል። ምላሴ ቆሰለ። ለካ አጅሬ ሥራ ላይ ነበር! እኔ እየተጫወተ ይመስለኝ ነበር።

ግማሹን እንኳ ሳልጨርስ እንግዳዋ ገባች። ነጠላ የለበሰች ወፍራም ዓሣ ናት፤ ትናንት ለሕክምና ከወሊሶ መጥታ ቤቴ ያረፈችውን አክስቴን ደብሪቱን ቁርጥ።

"ይሄ ምን ይበላል?" አለች፣ ገና ሳትቀመጥ።

"ምንም። መስታወት ይልሳል" አላት አጅሬ።

ከንፈሯን መጠጠች። "ምን አጥፍቶ?"

"ተፈጥሮው ነው እትዬ።"

"ወግድ! እኛ እየበላን እሱ መስታወት ይላስ? ነውር አይደለም?"

ክዳኑን ከፍታ አንድ እፍኝ አልጌ ጠቅልላ ወደ አፌ ሰደደች።

"እንካ፣ በሞቴ!"

"ኧረ ጠግቤያለሁ!"

"አሸዋ ስሆን!"

እንዲህ ተብሎ እምቢ ይባላል? ጎረስኩ። ደገመችኝ። ስትሠልስ መዋጥ አቃተኝ፤ እሷ ግን አላቆመችም። ያልበላሁት እግሬ ሥር ተከምሮ መሽተት ጀመረ። አየሩ ከበደ፣ ጠነባ። ትንፋሽ አጥሮኝ በጀርባዬ ተንጋለልኩ።

"አየኸው? ጠግቦ ተኛ" አለች እንግዳዋ በደስታ።

አጅሬ ግን ገባው። ፊቱ ተለዋወጠ። "አየሩ ተበላሽቶበታል! አየር ይቀየርለት! ሊሞትብኝ ነው!" እያለ ወደ ቧንቧው ሮጠ። ሽንት ቤቱንም ቀንድ አውጣውንም ያን ጊዜ ይቅር አልኩት። ቧንቧውን ከፈተ። አየር የለም፤ የሰፈሩ ተራ ሐሙስ ነው። የሚወርደው ውሃ ብቻ ነው። ውሃው ሣጥኔ ውስጥ ገባ፣ ደረቴ ደረሰ፣ አገጬ ደረሰ፣ አፍንጫዬን ሸፈነው።

"አጅሬ!" ብዬ ጮኼ ሶፋዬ ላይ ነቃሁ።

ነግቷል። አክስቴ ደብሪቱ ነጠላዋን አጣፍታ አኳሪየሙ ፊት ተቀምጣለች። ከወሊሶ ይዛልኝ የመጣችው ጨጨብሳ ጭኗ ላይ ነው፤ ሳህኑ ሊያልቅ ምንም አልቀረው። የአኳሪየሙ ውሃ እንደ አጓት ደፍርሷል። ከላይ ቅቤ ተንሳፍፎበታል።

"ነቃህ ልጄ?" አለችኝ። "ይሄ ምስኪን ሌሊቱን ሙሉ መስታወት ሲልስ አንጀቴን በላው። ትንሽ አጎረስኩት። እየው፣ ጠግቦ ተኝቷል።"

አጅሬ በጀርባው ተንጋሎ ነጠብጣብ ሆዱን ለጣሪያው ሰጥቷል። አፉ ቀስ ብሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

"ደግሞ እኮ ይመርቀኛል!" አለች አክስቴ።

ምን እያለ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ባልዲ አንስቼ ወደ ቧንቧው ሮጥኩ። እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ፉፉፉ አለ።

አየር ነበር። ያውም እንደ ልብ።