የኦቦ ቶሎሳ ስጋት

በሰው ሀብት የሚቀና ሞልቷል፤ በሰው ስጋት የሚቀናስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እነሆ እኔ። የአምቦው ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ የቴክኖሎጂ ኩባንያ አክሲዮን ገዝተዋል። እሁድ ዕድር ላይ፣ ኩባንያው «ሊያጋጥሙ የሚችሉ አደጋዎች» ብሎ የጻፈውን ለሌላዋ ባለአክሲዮን ለመምህርት አልማዝ ያነቡላታል።

«ሰርቨራችን ሊጠለፍ ይችላል ይላል» ብለው ተከዙ።

«ዶላሩስ፣ ኦቦ? እሱም ሊወደድብን ነው» አለች በረጅሙ ተንፍሳ።

ዕድርተኛው በሙሉ «አይዟችሁ» አላቸው። ክረምቱን ሙሉ ጣሪያዬ ሲያፈስ እኔን አይዞህ ያለኝ ማን አለ? በማግስቱ ለቆርቆሮ ባስቀመጥኩት ብር አክሲዮን ገዛሁ።

ጣሪያው ዛሬም ያፈሳል። ጎረቤት መጥቶ «ምነው ከፋህ?» ሲለኝ ግን፣ ባልዲውን በእግሬ ገፋ አድርጌ «ሰርቨራችን አሳስቦኝ ነው» እላለሁ።