እህተማርያም ትርፍ ማይልን ድል የነሡበት ዜና

ንዌጥን እንከ ዜናሃ ለእህተማርያም። በሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በወርኃ ነሐሴ፣ ቡላ የተባለችው ባለ ሰባት መቀመጫ መኪና በሊዝ ከተያዘች ሁለተኛ ዓመቷን በደፈነች ጊዜ፣ በባሕር ማዶ የምትገኘው የሜፕልዉድ ከተማ እመቤት፣ በረዶ የማያንሸራትታቸው፣ ስልካቸው ሁለተኛ ሳይጮኽ «አቤት፣ የት ልምጣ?» የሚሉት እህተማርያም፣ አርባ አንድ ገጽ ካለው ውል ጋር ገጥመው ድል ያደረጉበትን ነገር፣ እኔ የእህታቸው ልጅ፣ ታሪክ መጻፍ ማንም ያላስተማረኝ፣ ያየሁትን ሳልጨምር፣ የሰማሁትን ግን ትንሽ ጨምሬ እጽፋለሁ።

አስቀድሞ የነገሩ ሥር ይነገር። እህተማርያም ቡላን በወር በወር እየከፈሉ ሦስት ዓመት ሊነዷት ሲዋዋሉ፣ ሻጩ በዓመት ስንት ማይል ይነዳሉ ብሎ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ከቤታቸው ተነሥተው አረጋውያን እስከሚያስታምሙበት ብሉሚንግተን ድረስ ያለውን ደርሶ መልስ በጣታቸው ቆጥረው፣ ዐሥራ ሁለት ሺህ ይበቃኛል ብለው ፈረሙ። ስሕተታቸው ይህ ነው። ለቅሶን አልቆጠሩም፤ ኤርፖርትን አልቆጠሩም፤ አራስ መጠየቅን አልቆጠሩም። ወደ ሥራ መሄድ መንዳት ነው፤ ለቅሶ መድረስ ግን በእሳቸው ዘንድ ሰው መሆን እንጂ መንዳት ሆኖ አያውቅም። ቡላ ግን መኪና ናትና ሁለቱን ለይታ አልቆጠረችም።

የቡላ ጭፍሮች እነሆ። በፊተኛው ወንበር ጋሽ ደጀኔ፣ የዕድሩ ሊቀ መንበር፣ መንገድ የማያውቁ ግን መንገድ የሚመሩ፤ በመካከለኛው ወይዘሮ ጋዲሴ፣ መንጃ ፈቃዳቸው ስድስት ዓመት በቦርሳ ያረጀ፣ ፍሪዌይ የሚሉትን የፈጣን መኪና ጎዳና የሚፈሩ፤ ከጎናቸው አቶ ሰረቀብርሃን፣ ቀበቶ አስረው ሳይጨርሱ የሚያንቀላፉ፤ ከኋላ የመዘምራን ከበሮ፣ ሁለት የድግስ ድስት፣ እና ስሙን የማናውቀው ነገር ግን ሁልጊዜ የማይጠፋ አንድ ሰውዬ። በዚህ ሠራዊት የአራት ሰዓት መንገድ ነድተው ሱ ፎልስ ድረስ ለለቅሶ ዘመቱ፤ ሮቸስተር ድረስ ሕመምተኛ ጠየቁ፤ ከአገር ቤት አንድ ሰው በመጣ ቁጥር ስድስት ሆነው ኤርፖርት ወጡ፣ ለእንግዳው ሻንጣም ሌላ መኪና ተለመነ። ቤተ ክርስቲያኑ ከእህተማርያም ቤት ዐሥር ደቂቃ ሲሆን፣ ወይዘሮ ጋዲሴ በሌላው ወገን ከኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ሆነው እሑድ እሑድ እንዲህ ያውጁ ነበር፦ «እቱ፣ ስትሄጂ ውሰጂኝ፤ መንገድሽ ላይ ነኝ እኮ!» ለቤንዚን ብለው ሃያ ዶላር ሲያወጡም የእህተማርያም አዋጅ ይከተላል፦ «ነውር ነው ጋዲሴ! መልሺው! ሁለተኛ መኪናዬ ላይ እንዳትወጪ!» በሚቀጥለውም እሑድ ራሳቸው መጥተው ያሳፍሯቸዋል።

ወእምዝ፣ ዐሥር ዓመት የሰው ትራስ ያገላበጡት እህተማርያም፣ ሴይንት ፖል ባለ የነርስነት ትምህርት ቤት ስማቸው ወጣ። የመጀመሪያውን ክፍያ ሦስት ዓመት ከደመወዛቸው እየቆነጠሩ በባንክ አኑረው ነበር። ነገር ግን ትምህርቱ የቀን ነውና ሥራቸው በግማሽ ሊቀነስ ሆነ፤ በግማሽ ደመወዝ ደግሞ ቡላን መቀለብ አይቻልም። ስለዚህ ውሉን ቀኑ ሳይደርስ አፍርሰው ቡላን ሊመልሱ፣ እሳቸውም በአውቶቡስ ሊማሩ ቆረጡ።

ይህን ጊዜ ቡላን ካከራያቸው ኩባንያ አዋጅ መጣ፦ «የነዱት ሁለት ዓመት ነውና የተፈቀደልዎ ሃያ አራት ሺህ ማይል ነው። መኪናዋ የምታሳየው አርባ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ነው። ለእያንዳንዱ ትርፍ ማይል ሃያ አምስት ሳንቲም፣ በድምሩ አራት ሺህ ስምንት መቶ ዶላር ይክፈሉ።» በባንክ ያለው የነርስነቱ ገንዘብ ከዚህ መቶ ዶላር ቢበልጥ ነው። እህተማርያም አላለቀሱም፤ የወጥ ቤታቸውን ወለል ሁለት ጊዜ ሞፕ አደረጉ። እሳቸውን የሚያውቅ ከዚህ የበለጠ ለቅሶ እንደሌለ ያውቃል።

ነገሩ በዕድሩ ዘንድ በተሰማ ጊዜ ጋሽ ደጀኔ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ አዋጅ አስነገሩ፦ «ስማ በለው! ማይሉ የእኛ ነው። እናቴን ልቅበር ስል ያደረሰችኝ እሷ ናት፤ ቅጣቱ ሲመጣ ብቻዋን? ሽማግሌ እንልካለን። ስንት ባልና ሚስት ያስታረቅን ሰዎች አንድ ኩባንያ ያቅተናል?» እኔ እዚህ አገር ለኩባንያ ሽማግሌ አይላክም ብዬ ጻፍኩ፤ ጋሽ ደጀኔም «አንቺ ልጅ፣ ስላልተሞከረ ነው» ብለው መለሱ፤ ሰባት ሰውም አጨበጨበላቸው።

በነሐሴ ስድስት፣ ማክሰኞ፣ ጋሽ ደጀኔ፣ ወይዘሮ ጋዲሴና አቶ ሰረቀብርሃን ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እህተማርያምን በመካከል አድርገው፣ እኔን አስተርጓሚ ይዘው ወደ ኩባንያው የፋይናንስ ሹም ክፍል ገቡ። ሹሙ መልካም ልጅ ነበር፤ አምስት ወንበር አስመጥቶ ተቀመጡ አለ። ሽማግሌዎቹም በሥርዓታቸው መሠረት አወጁ፦ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም!» ሹሙ ወንበሩ የቆሸሸ መስሎት በመሐረብ ጠረገው፤ አልተቀመጡም። ዶናት አመጣ፤ የፍልሰታ ጾም ነውና አልነኩም። ያን ጊዜ እነዚህ ሰዎች ለጦር እንጂ ለሰላም አልመጡም ብሎ ፈራ። አቶ ሰረቀብርሃንም ቆመው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ጋሽ ደጀኔ ጉሮሯቸውን ጠርገው እንዲህ አሉ፤ እኔም አንዲት ቃል ሳልቀንስ ወደ እንግሊዝኛ አዞርኩት፦ «ልጄ፣ ይህች ሴት ሽርሽር አልሄደችም። ያንተም እናት ብታርፍ፣ አያድርገውና፣ ከበር የምታገኛት እሷን ነው፤ ድስት ይዛ። ስለ እኛ ብለህ ማራት።» ሹሙ እናቱ ደኅና መሆኗን በስልኩ አየት ካደረገ በኋላ አወጀ፦ «በጣም አዝናለሁ፤ ሲስተሙ ላይ ምሕረት የሚባል ቦታ የለም።»

ወሶበ ሰምዑ ዘንተ፣ እህተማርያም ከቦርሳቸው ውሉን መዘዙ። ሌላው በምሳ ሰዓቱ ስልኩን ሲነካካ እሳቸው መዝገበ ቃላት ዘርግተው፣ በቢጫ ቀለም እያሠመሩ፣ ገጽ በገጽ የወጉት ውል ነው። ድምፃቸውንም ከፍ አድርገው፣ ያለ እኔ ትርጓሜ፣ በገዛ እንግሊዝኛቸው አወጁ፦ «ገጽ ሠላሳ ሁለት! ትርፍ ማይል የሚቆጠረው መኪናዋ ስትመለስ ነው። ውሉ ላይ በተጻፈው ዋጋ ከተገዛች አይቆጠርም። ለምን አልነገርከኝም?» ሹሙም ገጹን ሁለት ጊዜ አነበበና «አልጠየቁኝም» አለ። ብዙ ጌቶች በዚህች መልስ ይኖራሉ።

ነገር ግን ድሉ ገና ግማሽ ነበር፤ እህተማርያም ቡላን ለመከራየት አቅም አጥተው በምን ሊገዟት? ሹሙ ማን ይገዛታል ብሎ ጠየቀ። እህተማርያም ውሉን ቀስ ብለው አጠፉት። ወይዘሮ ጋዲሴ ወደ ጋሽ ደጀኔ አዩ፤ ጋሽ ደጀኔ ወደ ወንበሩ አዩ፤ ከቆሙ አርባ ደቂቃ አልፏቸው ነበር። ከዚያም ጋሽ ደጀኔ የዘመኑን ታላቅ አዋጅ በግሩፑ ላይ ጻፉ፦ «የዕድራችን ሣጥን የሞተ ሰው ብቻ ነው የሚያየው? ቡላ ዱሮም የዕድሩ ናት፤ ክፍያው ብቻ የእህተማርያም ነበር። ግማሹን ከሣጥን፣ ግማሹን በየወሩ በመዋጮ ልንገዛት ነው። የተቃወመ አሁን ይናገር፤ ወደ ኤርፖርትም በእግሩ ይሂድ።» በሩብ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ አንድ ቤተሰብ እሺ አለ። ስሙን የማናውቀው ሰውዬም አውራ ጣት ላከ።

ወረቀቱ መጣ። ቡላ በእህተማርያም ስም ተገዝታ ለዕድሩ እንድትተላለፍ ተፈረመ፤ ከትርፍ ማይሉ መዝገብ ፊትም ዜሮ ተጻፈ። የነርስነቱ ገንዘብ ከነክብሩ በባንኩ ቀረ። በዚያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ አቶ ሰረቀብርሃንም ተቀስቅሰው፣ ሦስቱም ባንድነት፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ ተቀመጡ። ሹሙ ከሁሉ በላይ በዚህ ደስ አለው።

በኅዳር፣ በዘመነ ማርቆስ፣ የመጀመሪያው በረዶ ወረደ፤ እህተማርያምም ደብተራቸውን ታቅፈው አውቶቡስ ሲጠብቁ ቡላ በቀስታ፣ እጅግ በቀስታ፣ ከኋላዋ አራት መኪና ጥሩምባ እየነፋባት መጥታ ቆመች። መሪውን በሁለት እጃቸው አንቀው የያዙት ወይዘሮ ጋዲሴ ነበሩ። ከኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ተነሥተው፣ ፍሪዌይ ተሻግረው፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው አወጁ፦ «ግቢ እንጂ እቱ፣ ምን ያስቆምሻል? መንገዴ ላይ ነሽ እኮ!» እህተማርያምም ለቤንዚን ብለው ሃያ ዶላር አወጡ፤ ምን እንደተባሉ አንባቢ ያውቀዋል።

ስለዚህ ስማቸው ይክበር፣ ዜናቸውም ከሜፕልዉድ እስከ ሱ ፎልስ ይሰማ፤ የውል ወጊዋ፣ የገጽ ሠላሳ ሁለት ጀግና፣ ነገ የምታክመን እህተማርያም! ኩባንያው ዐሥራ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ትርፍ ማይል ቆጠረባቸው፤ እኛ አብረን የተጓዝነው ግን መለስ ብለን አንድ በአንድ ብናስበው፣ አንዱንም ትርፍ ሆኖ አላገኘነውም።