የጋሽ አስማረ የተደበቁ ፋይሎች

ቤቱ ውስጥ የማያውቀው ነገር ካለ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ደብረ ማርቆስ ላይ አጋጥሞኛል። ጎረቤቴ ጋሽ አስማረ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ቤተ ክርስቲያን ሲስሙ፣ ከመቅደሱ መጋረጃ ጀርባ ምን እንዳለ ጠይቀው አያውቁም።

በቀደም ግን ኮምፒውተራቸውን ሲነካኩ የተደበቁ ፋይሎች ተግተልትለው ወጡባቸው።

«በገዛ ቤቴ ከእኔ የሚደበቅ ማነው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ማሽኑ የሚሠራው በእነሱ ነው፤ አይንኳቸው» አልኳቸው።

«ንጹሕ ከሆኑ ለምን ይደበቃሉ?» ብለው አንድ በአንድ አጠፏቸው።

ኮምፒውተሩ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። የሟች ባለቤታቸው ፎቶዎች በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበሩ።

አሁን ጥቁሩ ስክሪን ፊት፣ በመቅደሱ መጋረጃ ፊት እንደሚያደርጉት፣ አንገታቸውን ደፍተው ይቀመጣሉ። ከዚህኛው ጀርባ ማን እንዳለች ግን ያውቃሉ።