ሽርሽር ብዬ ዶማ ያስያዝኳችሁ እኔ ነኝ

አታምኑኝም! ዛሬ ጠዋት የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ክፍሉን እጅ አስወጥተው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩና፣ ሽርሽሩ እንደገና ተፈቅዷል፣ ቦታ መራጯም እንደገና አንቺ ነሽ አሉኝ።

እንደገና! እኔ!

የክፍሌ ልጆች፣ ይህን ጽሑፍ ከግድግዳ ጋዜጣው ላይ ከመቅደዳችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የሌላ ክፍል ልጆች ደግሞ ወሬውን ከእኔው ስሙት፤ የክፍሌ ልጆች ጨምረውበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጂንካ ተማሪ ሽርሽር ሲባል የት ይሄዳል? አውሮፕላን ሜዳ። አምናስ? አውሮፕላን ሜዳ። ከላሞቹ ጋር ሆነን ዳቧችንን እንበላለን፤ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ሳይረን ሲጮህ ደግሞ ከላሞቹ ጋር ተባረን እንመለሳለን።

እኔ ዘንድሮ እምቢ አልኩ። የምንኖረው አውራጃ ከተማ፣ ዙሪያችን ሁሉ ተራራ፣ እኛ ግን ከሜዳው አንወጣም? በእግር ደርሰን ለምሳ የምንመለስበት የሚያምር ቦታ አገኛለሁ ብዬ ክፍል ውስጥ ተነስቼ ተናገርኩ። (ስብሰባ ላይ መናገር ከጀመርኩ ወዲህ አፌ አልመለስ ብሎኛል።) አስተማሪያችን አንድ ዕድል ሰጡኝ። ካልተሳካ ግን ትምህርት እስክንጨርስ ድረስ አውሮፕላን ሜዳ!

ከትምህርት በኋላ እየወጣሁ ፈለግኩ። አንዱ ጋ ጭቃ፣ አንዱ ጋ እሾህ፣ አንዱ ጋ ውሻ። በመጨረሻ የአሪ ተወላጇ ጓደኛዬ ማርታ አክስቷ ወደሚኖሩበት ኮረብታ ይዛኝ ወጣች።

ምን ልበላችሁ! አናቱ ለጥ ያለ ሣር፣ ጎኑ እንሰት፣ ሥሩ ጅረት፣ ከታች ጂንካ ከነቆርቆሮዋ። ማርታን አቅፌ ዘለልኩ።

ቅዳሜ ክፍሉን ሁለት ሁለት አሰልፌ፣ እያዘፈንኩ ወጣሁ።

ማሰለፍ ምን አስፈለገኝ?

ላይ ስንደርስ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከሽማግሌዎች ጋር ቆመው ይጠብቁናል። አስተማሪያችን ጫማው የተበጠሰበትን ልጅ እየረዱ ወደ ኋላ ቀርተዋል። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ንግግር ጀመሩ። እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ስንጠብቃችሁ ከረምን፣ ከተማው አልረሳንም አሉ።

ንግግር ሲደረግልን ምን እናደርጋለን? መልስ እንሰጣለና! ማን ይስጥ? ተውኝ እስቲ።

ማርታ ቀሚሴን ጎተተችኝ። «አንቺ፣ ሰውዬው የሚያወሩት ስለ ችግኝ ነው እኮ።»

«ዝም በይ፣ ልናገር ነው» አልኳት።

ተናገርኩ! እኛ ወጣቶች ለተጠየቅነው ሁሉ ዝግጁ ነን፣ ላባችንን አንሰስትም አልኩ። እናንተም አጨበጨባችሁ። አትካዱ! ንግግር ያለቀ ሲመስለን ማጨብጨብ ለምዶብን የለ?

«ደግ ተናገርሽ፣ ልጄ» አሉ ሊቀመንበሩ። «ዶማው እዚያ ዛፍ ሥር ነው።»

ለካ ከከተማ ችግኝ ተካዮች ይመጣሉ ተብለው ነው የሚጠብቁት! ተሰልፎ እየዘፈነ ተራራ የሚወጣ ሌላ ማን አለ?

አስተማሪያችን ሲደርሱ ክፍላቸው በሙሉ ጉድጓድ ይቆፍራል። እኔን አዩኝ። ሊቀመንበሩን አዩ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ዶማ አነሱ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አውሮፕላን ሜዳው ይሻላል የሚሉት የክፍላችን ልጆች አለቃ ታደሰ፣ አንድ ጉድጓድ በጨረሰ ቁጥር «ሽርሽርሽ ይባረክ!» ይለኛል። አንዷማ የእሑድ ጫማዋን አድርጋ መጥታ ነበር፤ እስካሁን አታናግረኝም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። ጉድጓድ ሞልቶ ነበር፣ ጠበበኝ እንጂ።

ቦታዬ አለቀለት፣ እስክንጨርስ ከላሞቹ ጋር ነን ስል፣ ከታች ሳይረኑ ጮኸ።

ሁላችንም ቀና አልን። ላሞቹ እንደ ጉንዳን ትንንሽ ሆነው ተበተኑ፣ ሰዎች ዱላ ይዘው ተሯሯጡ። አውሮፕላኑም ከእኛ በታች ዞሮ አረፈ። ከእኛ በታች! የአውሮፕላን ጀርባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጂንካ ተወልደን ያደግን ልጆች እንደ እንግዳ አፋችንን ከፍተን ቀረን።

ታደሰ ዶማውን ተደግፎ፣ «እዚህ ጋ ቁጭ ብሎ ዳቦ መብላት ነበር» አለ።

ሰማሁት። ማርታም ሰምታለች፣ ምስክሬ ናት።

ዛሬ ጠዋት አስተማሪያችን ኮረብታው ወይስ ሜዳው ብለው እጅ ሲያስወጡ ታደሰ የቱ ጋ እንዳወጣ አልናገርበትም። እጁ ግን ዶማው ባቆሰለው በኩል በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር፤ ከሩቅ ይለያል።

እንግዲህ የሁሉም ክፍል ልጆች፣ ወደ ኮረብታው ለመውጣት የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቁኝ። አንሰለፍም፣ አንዘፍንም፣ እኔም አፌን እይዛለሁ። ችግኞቹ ውኃ ጠምቷቸዋል ብለው ሊቀመንበሩ በማርታ አክስት በኩል መልእክት ልከውልናል፤ ጅረቱ ቅርብ ነው፣ ጣሳ ያለው ጣሳ ይያዝ። ይኸው አስቀድሜ ተናገርኩ!

ሽርሽር ነው ወይስ ዘመቻ? እኔ እንጃ፣ ኑና ፍረዱ።