ልጃችን የተሳፈረባት ላይቤሪያ

መርከብ እንደ ሰው አገር ያላት ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር። እኛ መታወቂያ ለማግኘት የስንቱን ቢሮ ደጅ ጠንተናል፤ መርከብ ግን አይታው የማታውቀውን አገር ባንዲራ ሰቅላ፣ ማንም «አያትሽ ማን ነበሩ?» ሳይላት ባሕሩን ትሰነጥቃለች።

ይህን የተማርኩት በልጄ በኤሊ ምክንያት ነው። ኤሊ የመርከብ ሞተር መካኒክ ነው። ሥራውን ሲይዝ እናቱ ዘሃቫ አኮረፈች። ባለቤቴ ጎንደር ሳለች ወርቄ ነበረች፤ ወደ እስራኤል ስንመጣ አንዲት ጸሐፊ ወደ ዕብራይስጥ ገለበጠቻት እንጂ ኩርፊያዋ እስከ ዛሬ የጎንደር ነው። ልጁ የእናቱን ምርቃት ሳይቀበል ሄደ። እሷም ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣች።

ባለፈው ዓርብ ኤሊ ደወለና መርከቧ ከሃይፋ ወደ አሽዶድ ስለምትወርድ፣ ከሰዓት በኋላ በእኛ ከተማ በናታንያ ፊት ለፊት እንደሚያልፉ ነገረን። ዘሃቫ ወዲያው ነጠላዋን አነሳች። አባቷን አባ ታከለንም ከጎረቤት ከተማ ከቃዲማ አስመጣናቸው፤ ምርቃት ያለ ሽማግሌ ይጸናል እንዴ? እኔ በበኩሌ በእጅ ስልኬ፣ በፓሌፎኔ ላይ የመርከብ መከታተያ ጫንኩና ራሴን እንደ ወደብ አዛዥ ቆጠርኩ።

ችግር የመጣው ጮክ ብዬ ሳነብ ነው። የልጃችን መርከብ ባንዲራዋ የላይቤሪያ ነው ይላል።

ዘሃቫ ልጄን ሸጡት ማለት ነው ብላ ተቀመጠች። መልሰን ደወልንለት። ኤሊ እየሳቀ አስረዳን፦ የመርከቧ ባለቤት የሃይፋ ሰው፣ ካፒቴኑ ዩክሬናዊ፣ መርከበኞቹ ፊሊፒኖች፣ ባንዲራው ግን የላይቤሪያ። እንዲህ ሲሆን ማሱ፣ ያው ግብሩ፣ ይቀንሳል፤ ደንቡም ይላላል። ላይቤሪያን እሱም መርከቧም አይተዋት አያውቁም። መርከቧ ላይ የሚሠራው ሕግ ግን የላይቤሪያ ነው ብሎ ጨመረበት፤ ባይጨምር ይሻል ነበር።

አባ ታከለ ላይቤሪያ የት ናት ብለው ጠየቁኝ። አፍሪካ አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እኛን በአውሮፕላን አጭቀው ከአፍሪካ አወጡን፤ ይኸ ልዥ ናታንያን እያየ አፍሪካ ተመለሰ?» አሉ።

ዘሃቫ አልሳቀችም። ባሕሩ ቢቆጣ የሚደርስለት ማን ነው? ላይቤሪያ? አባቷም ያጽናኗታል ስል፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ብለው አረፉት። በስልክ መርቂው ብላት፣ ምርቃት ዓይን ለዓይን ነው፤ ቢያንስ መርከቧን ልያት አለች።

ሰንበቱ፣ ሻባት፣ ሳይገባ የባሕር ዳር መንሸራሸሪያው ታዬሌቱ ላይ፣ ከባሕሩ በላይ ካለው ገደል አፋፍ፣ ተሰለፍን። ከሩቅ አንዲት መርከብ ብቅ አለች። ፀሐዩ ስክሪኔን አሳውሮታል፤ የወደብ አዛዥ ደግሞ አላውቅም አይልም። እሷው ናት አልኳቸው።

ዘሃቫ ነጠላዋን እያውለበለበች እልልታውን አቀለጠችው። አባ ታከለ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ማዕበሉ ይተኛላችሁ፤ ብረቱ አይክዳችሁ፤ በሄዳችሁበት ባዕድ አትባሉ» ሲሉ፣ አጠገባችን አይስክሬም የሚልሱ ፈረንሳዮች እንኳ ምኑንም ሳያውቁ አሜን አሉ። ጡሩንባ ተሰማ። መለሰልኝ ብላ ዘሃቫ አለቀሰች። የነፋው ከኋላችን የቆመ አውቶቡስ ነበር፤ እኔ አይቼዋለሁ፤ ግን ምን ያስለፈልፈኛል?

ያኔ ኤሊ ደወለ። ጭነቱ ስለዘገየ ገና ሃይፋ ነን፣ እንዳትደክሙ አለ።

ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዘሃቫ ግን በሳቅ ፈረሰች፤ ልጁ ከሄደ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ምርቃትህን ሌላ ወሰደው አለችው። ከዚያ ስልኩን ጉንጯ ላይ ለጥፋ፣ ዓይን ለዓይን ያለችውን ረስታ፣ ከልቧ መረቀችው። ኤሊም አሜን አለ።

ስንመለስ ዘሃቫ ትነዳለች፤ አባ ታከለ ያች የመረቋት መርከብ የማን እንደሆነች እንድፈልግ አዘዙኝ። አሁን ጥላ ስላለ በትክክል አነበብኩ፦ ባንዲራዋ የፓናማ፣ ባለቤቷ ግሪክ አገር ያለ ኩባንያ።

ሽማግሌው ተጨነቁ። ከአፍ የወጣ ምርቃት አይመለስም፤ ግን ለማን ደረሰ? ለባንዲራው? ለባለሀብቱ? ቀይ መብራት ላይ እንደቆምን መስኮቱን አወረዱና እጃቸውን ወደ ባሕሩ ዘረጉ።

«ያልሁት ሁሉ ለሚሠሩት ልዦች ይሁን» አሉ። «ግብር የሚሸሸውን ሳይጨምር።»