የተለቀቀልኝ ወረፋ

ሰው ሲያረጅ ጥርሱ ይሄዳል፣ ጉልበቱ ይሄዳል፣ ልጆቹም ይሄዳሉ፤ የሚመጣለት ነገር ቢኖር ወንበር ነው። ታክሲ ስገባ ይነሱልኛል። ጉባኤ ዘግይቼ ብደርስም የፊተኛው አግዳሚ የኔ ነው። እናንተ ወጣቶች ይሄን ስታዩ «ምስኪን አሮጊት» ትሉ ይሆናል። ምስኪንስ እናንተ፣ ቆማችሁ የምትሄዱት! እኔ የተለቀቀልኝን ቦታ «ግድ የለም፣ ተቀመጡ» ብዬ መልሼ አላውቅም። አንዴ ብቻ መመለስ ነበረብኝ፤ እሱንም አልመለስኩም።

ነገሩ የምራቴ የማርታ ነው። ቡሹሎ ጤና ጣቢያ የማህፀን በር ምርመራ ብለው አቸቶ ቢጤ ቀቡና ነጭ ነገር ታየ አሏት። ጤነኛው ቦታ እንዳለ ይቀራል፣ የሚያጠራጥረው ይነጣል አሉ። እኛ አቸቶ የምናውቀው ለሰላጣ ነው። ከተማ ባለው ትልቅ ሆስፒታል በማጉያ መሣሪያ ይታይ፣ ወደ ካንሰር የሚያመራ መሆን አለመሆኑ ይለይ ተባለ። ማርታ ግን ፈራች። «በጸሎት ይሻለኛል፣ እማዬ» እያለች ቀጠሮውን አሳለፈች። ጡት ያልተወ ልጅ ታቅፋ!

«ጸሎቱን ባጃጅ ውስጥ ታደርሺዋለሽ፤ ተነሺ!» አልኳትና ይዣት ሄድኩ።

ኮሪደሩ በሴት ተሞልቷል። ምን ሆናችሁ ብትሏቸው ሁሉም «ወገቤን ነው» ነው መልሳቸው። ወገብ ያመመው ሁሉ እዚያ በር ላይ ምን ይሠራል አትሉኝም? እኔ ከዘራዬን ይዤ ብቅ ስል ግን ያ ሁሉ ወገብ ብድግ አለ።

«እማማ፣ ይለፉ!»

«ኧረ እናታችንን አሳልፏት!»

እየተቀባበሉ ከውስጥ አደረሱኝ። ማርታ ከኋላ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታየኛለች።

ነርሷ «ለምርመራ ነው፣ እናቴ?» አለችኝ።

ምን ልበል? ያ ሁሉ ሰው ተነስቶልኝ «አይ፣ ምራቴን ሸኝቼ ነው» ብዬ ልውጣ?

«ታዲያ ሰርግ ጠርተሽኝ ነው?» አልኳት።

ካርድ ወጣልኝ። አልጋው እግር የሚያሰቅል ነው፤ ዝርዝሩን ተዉት። ሐኪሟ ከትልቋ የልጅ ልጄ ብዙም አትበልጥም፤ አቸቶውን ቀባች፣ በማጉያው አየች፣ ደግማ አየች። ሐኪም ሲደጋግም አልወድም።

«ምነው፣ የጠፋሽ ነገር አለ?»

ሳቀች። «ለላቦራቶሪ ትንሽ ቆንጥሬ ልወስድ ነው፤ እስኪ ያስሉ፣ እናቴ።»

አሳልኩ። ስወጣ ማርታ ገባች። አማት የወጣችበትን በር ምራት እንዴት ፈራሁ ትላለች?

በቀጠሯችን ቀን ውጤት ተነገረን። ማርታ ላይ የታየው ዝቅተኛ ደረጃ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል፣ በዓመቷ ተመልሳ ትታይ። የኔ ከፍተኛ። ካንሰር አልሆነም፣ ከተተወ ግን መንገዱን ይዟል፤ ተቆርጦ ይውጣ ተባለ። ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ሴት፣ በስተርጅና ከፍተኛ ደረጃ አገኘሁ! ደግሞ አንዲት ቀን እንኳ አሞኝ አያውቅም እኮ። ወገቤንም።

ተቆርጦ ወጣ፣ ዳንኩ። ባለፈው እሁድ ማርታ ጉባኤ ፊት ቆማ መሰከረች። «እማዬ እኔን ለማደፋፈር ብለው ቀድመውኝ ገቡ፤ ጌታም የራሳቸውን ሕመም ገለጠላቸው» አለች እያለቀሰች። ላርማት አፌን ከፈት አደረግኩ። ይሄኔ ጉባኤው በሙሉ ተነስቶ አጨበጨበልኝ።

ሰው ሲነሳልኝ የማደርገውን ደግሞ ነግሬያችኋለሁ።